እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም

ሹመት እንደሚያልፍ የማያውቅ ሹም የለም። ነገር ግን ሹመቱ ካለፈ በኋላ የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ጧት ሲነሣ እግሩን ወዴት እንደሚያዘወትር ገና በሥልጣን ላይ ሳለ አስቦ የሚዘጋጅ ሰው ጥቂት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ትናንት ጠረጴዛና ማኅተም የተረከበ ወጣት ስለ ጡረታ ቢያነሡበት ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ለእርሱ ጡረታ ማለት ሽበት ያላቸው ሰዎች በየወሩ የሚቀበሉት ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን ከደመወዝ መዝገብ ይልቅ የቆየ ነው። ልጅ አባቱንና እናቱን በእርጅናቸው ሲመግብ፣ ሲያለብስና ደጃቸውን ሲጠይቅ ጦራቸው ይባላል። ጡረታም በጥንቱ ትርጓሜው ይኸው ሰው ለሰው ያለበት ዕዳ ነው።

በጎንደር ዘመን ይህን ነገር አስቀድመው ያሰቡ አንዲት ታላቅ ሴት ነበሩ፤ እቴጌ ምንትዋብ። እቴጌይቱ የሚያርፉበትን ስፍራ የመረጡት ሥልጣናቸው ጠዋት ላይ ሳለ ነው። ከከተማው ጫጫታ ውጪ፣ በተራራ ግርጌ፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አስገነቡ፤ ለምነናም ስም የሚሆን ስም ሰጡት። ሆኖም በመጨረሻ ወደዚያ በገቡ ጊዜ ያገኙት ጸጥታ ያሰቡት ዓይነት አልነበረም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንተርከው የእነዚያን የመጨረሻ ዓመታት ታሪክ ነው፤ የዙፋናቸውን ዘመን ብዙ ሰው ጽፎታልና በአጭሩ እናልፈዋለን።

ከቋራ እስከ ዘውድ

ምንትዋብ የተወለዱት በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን ምንትዋብ የሚባለው ለመልካቸው የወጣ ስም ነው፤ ምንኛ ታምራለች እንደ ማለት ነው። ዐፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው በየአገሩ መዞር የሚወዱ ንጉሥ ስለ ነበሩ፣ እንደሚነገረው፣ በቋራ ሲያልፉ ታመው በአንድ የባላገር ጌታ ቤት ተኙ፤ ያስታመመቻቸውም የቤቱ ልጅ ምንትዋብ ነበረች። ንጉሡ ከዳኑ በኋላ አገቧት። ታሪኩ ከተረት ጋር ቢቀላቀልም አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሕመምተኛ በማስታመም የተጀመረው የምንትዋብ ታላቅነት፣ ወደፊት እንደምናየው፣ በእርጅናቸውም ዘመን ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ይገኛል።

ዐፄ በካፋ በመስከረም 1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናቲቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዘውድ ደፍተው ብርሃን ሞገሳ ተባሉና ከልጃቸው ጋር አገሩን ያስተዳድሩ ጀመር። በ1725 ዓ.ም. ዓመፀኞች የጎንደርን ግቢ ከበው እሳት እስከ መልቀቅ ደርሰው ነበር፤ እቴጌይቱ ግን ከቋራ ወንድሞቻቸውና ዘመዶቻቸው ጋር ሆነው ተቋቋሙት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በአገሩ ላይ የእርሳቸውን ቃል የሚያልፍ ቃል አልነበረም። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ዋና አማካሪያቸው ነበሩ። በጣና ደሴት በደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ፤ እዚያም ሠዓሊው በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው የሚማፀኑ አድርጎ ሥሏቸዋል።

ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ አደን የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምተው ጦራቸው በደንደር ወንዝ አጠገብ ተሸነፈ፤ ነገሥታቱ በዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕልም ተማረከ። በኋላ ቤዛ ተከፍሎበት ሲመለስ ጎንደር በደስታ ተቀበለችው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የእቴጌይቱ ልብ ወደ አንድ ስፍራ ይሳብ ነበር።

የግብፅ በረሃ ስም በጎንደር ተራራ

ከፋሲል ግቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚራመድ ሰው የቀሃን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደብረ ፀሐይ ከተባለው ተራራ ግርጌ ይደርሳል። ወደ ኋላው ዞር ቢል የጎንደር ግንቦች ከታቹ ናቸው፤ ከዚያም ወዲያ አገሩ ወደ ደንቢያ ሜዳ ይወርዳል። መንገዱ ለአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ አይበቃም። ከቤተ መንግሥት ለመራቅ የሚበቃ፣ ከቤተ መንግሥት ለመጥፋት ግን የማይበቃ ርቀት ነው። የታሪካችንም ቁልፍ ምናልባት እዚህ ላይ ነው።

እቴጌይቱ በዚህ ስፍራ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በ1730ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ስሙም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ተባለ። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ የሚገኝ ተራራ ስም ነው። እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ስትሸሽ በበረሃ ተንከራትታ ዐረፈችበት የሚባለው ስፍራ እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስደት ከመስከረም 26 ጀምሮ በጽጌ ጾም ታስበዋለች፤ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ሆኖ ይፈጸማል። ይህ ወቅት በጎንደር ደጋ ዝናቡ ያበራበት፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ የለበሰበት፣ ሊቃውንቱ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ የሚያነጉበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ሕፃን ልጅ ታቅፈው በዓመፀኛ የተከበቡ እናት፣ ሕፃኗን ታቅፋ የሸሸችው እናት ያረፈችበትን በረሃ ስም ለማረፊያቸው መምረጣቸው የሚገርም አይደለም።

ግቢው በግንብ አጥር የተከበበ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው በሌላ ቅጥር ውስጥ ቆሟል። አጠገቡ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት፣ አዳራሽና ሌሎች ቤቶች ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በቀላ ድንጋይ በተቀረጹ መስቀሎች፣ በሰዎችና በአራዊት ምስሎች ያጌጠ ነው፤ ከእነዚህም መካከል በአንበሳ ላይ የተቀመጠው አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ ይገኝበታል። አባ ሳሙኤል ማን እንደ ሆኑ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከስሜን ተራሮች ግርጌ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ በዋልድባ በረሃ የኖሩ መነኩሴ ናቸው። ገድላቸው የበረሃው አንበሶች እንደ ቤት እንስሳ ይታዘዟቸው እንደ ነበር ይተርካል። በዋልድባ እስከ ዛሬ እህል አይቀመስም፤ መነኮሳቱ ቋርፍ የተባለውን ከሥራሥርና ከሙዝ የሚዘጋጅ ምግብ እየተመገቡ ይኖራሉ። እቴጌይቱ እንግዲህ በየዕለቱ ወደ ቤታቸው ሲገቡና ሲወጡ ያን እውነተኛ በረኸኛ በግድግዳቸው ላይ ያዩት ነበር። ስሙ የግብፅ በረሃ፣ ምስሉ የዋልድባ በረሃ፤ ቤቱ ግን የንግሥት ቤት ነበር።

ሥልጣን ዳገቱን ሲወጣ

ዐፄ ኢያሱ በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሞቱና እናታቸው በቁስቋም ቀበሯቸው። ሕፃኑ የልጅ ልጅ ኢዮአስ ነገሡ፤ አያቲቱም ዳግመኛ የሕፃን ንጉሥ እንደራሴ ሆኑ። ይሁን እንጂ የኢዮአስ እናት የውቢት ዘመዶች ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ስለ ነበር፣ የቋራ ሰዎችና የውቢት ወገኖች በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት መንግሥት መሰሉ። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ሚዛኑን ይዘውት ነበር፤ በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ሚዛኑ ተሰበረ። ጠቡን ያበርዳሉ ተብለው ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ገብተው ራሳቸው የነገሩ ጌታ ሆኑ።

እዚህ ላይ የእቴጌይቱን የጋብቻ አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከዐፄ በካፋ ሞት በኋላ ከግራዝማች ኢያሱ የወለዷቸው ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ። ወለተ እስራኤልን ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ፣ አልጣሽን ለራስ ሚካኤል ልጅ ለወልደ ሐዋርያት፣ አስቴርን ለበጌምድሩ ለማርያም ባርያው ዳሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን መዳር ማለት አገር ከአገር ማሰር ነበርና ሥራው ብልህ ነበር። ነገር ግን የታሰረ ገመድ በሁለት ወገን ይስባል። ማርያም ባርያው በጠቡ ተገደሉ። አስቴርም የባሏን ደም ሊመልስላት የሚችል ጉልበት ያለው ራስ ሚካኤል መሆኑን አይታ እርሳቸውን አገባች። በግንቦት 1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ገዳይ በዚህ ሁኔታ የእቴጌይቱ አማች ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ምንትዋብ ወደ ቁስቋም ወጡ። ልጃቸው እዚያው ተቀብሯል፤ የልጅ ልጃቸውም አፅም በኋላ እዚያው ዐረፈ። ሠላሳ ዓመት አልፎ አገር ያስተዳደሩት ሴት የጎንደርን ግቢ ለሌሎች ትተው በደብራቸው ተወሰኑ። ሊጦሯቸው የሚገባቸው ወንድ ልጅና የልጅ ልጅ ከደጃቸው ሥር በመቃብር ናቸው። በእናት ላይ የሚደርስ ከዚህ የከፋ ጡረታ የለም።

ፈንጣጣና እንግዳው

በየካቲት 1762 ዓ.ም. አንድ ረጅም ቁመት ያለው የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። ጄምስ ብሩስ ይባላል። ይህ ሰው የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1730፣ ማለትም እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ በደፉበት ወር ነው። በምጽዋ ገብቶ፣ በአድዋና በአክሱም አልፎ፣ የስሜንን የላማልሞ ዳገት ወጥቶ ነበር የመጣው። በላማልሞ ላይ ስለ ደረሰበት አንድ ነገር በመጽሐፉ ጽፏል። አሽከሮቹ ዳገቱን ጨርሰው ዐርፈው የፍየል ሥጋ ሲቀቅሉ፣ ንስር ወርቅ ብሎ የሰየመው ጢማም ታላቅ አሞራ ቀስ ብሎ እየዞረ ወርዶ ከሰዎቹ መካከል ሥጋውን ነጥቆ ሄደ። ሁለተኛም ሲመለስ ብሩስ በጠመንጃ መታው፤ ለክቶም ሥዕሉን አስቀመጠ። ከእርሱ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ነበር፤ ዕፀዋትንና አዕዋፍን የሚሥል እጀ ብልህ ወጣት ሲሆን በ1763 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሞተ። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት ያ ደጋ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ብሩስ ጎንደር ሲደርስ ንጉሡም ራስ ሚካኤልም በዘመቻ ላይ ነበሩ። በቁስቋም ግን ሌላ ጠላት ገብቶ ነበር፤ ፈንጣጣ። የአስቴርና የአልጣሽ ልጆች፣ የቤቱም ሌሎች ሕፃናት ታመው ነበር። እንግዳው መድኃኒት ያውቃል መባሉ ተሰምቶ ወደ እቴጌይቱ ግቢ ተጠራና እዚያው ማደሪያ ተሰጠው። በዚያ ዘመን ለፈንጣጣ የሚዋጥ ፈውስ አልነበረም፤ በክትባት መከላከልን ኤድዋርድ ጄነር የሞከረው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ብሩስ ያደረገው ቀላል ነገር ነበር። የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፤ ነፋስ እንዲገባ አደረገ፤ ወለሉን በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ፤ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። ከታመሙት የሞቱ አሉ፤ የዳኑም አሉ። ከዳኑት አንዱ ከራስ ሚካኤል የተወለደው የአስቴር ልጅ ነበር።

ይህን ስናይ የእቴጌይቱን አንድ ጠባይ እናስተውላለን። አያት ናቸው፤ በአልጋ ላይ የተኛው ሕፃን ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው ልጅ ነው። ቂም የሚቋጥር ልብ በዚህ ሕፃን ላይ ሊጨክን ይችል ነበር። ቁስቋም ግን በሩን የከፈተው ለሁሉም ሕፃናት ነው፤ እንግዳውም የተጠራው ለሁሉም ነው። የቋራዋ ልጅ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ እንደ ገና አስታማሚ ሆኑ።

ወዳጅነት

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእቴጌይቱና በብሩስ መካከል ወዳጅነት ተመሠረተ። አንደኛዋ የነገሥታት እናትና አያት፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳዎቹ አጋማሽ የደረሰ። ሁለተኛው ገና አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሚስቱ በወጣትነቷ የሞተችበት፣ ወንዝ ፍለጋ ከባሕር ማዶ የመጣ። ብሩስ ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ ስለ ነበር ጨዋታቸው ብዙ ነበር። ስለ ኢየሩሳሌም፣ ስለ ግብፅ፣ ስለ አገሩ ሴቶችና ስለ ሃይማኖቱ ይጠይቁት እንደ ነበር ከመጽሐፉ እንረዳለን። ራስ ሚካኤል ወደ ትግራይ በሄዱበት በ1762 ዓ.ም. ክረምት ብሩስ አብዛኛውን ጊዜ በቁስቋም ሰነበተ። ሰማዩን በመሣሪያው ይለካል፤ ዕፀዋት ይሰበስባል፤ ኮሶን የመሰሉ ዛፎች በመጽሐፉ ተሥለው ታትመዋል። በቆላው ተቅማጥ ሲያሠቃየው ያዳነው ዋጊኖስ የተባለው ቁጥቋጦ በዓለም የዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ከጨዋታዎቻቸው ሁሉ አንዱ ሊዘለል አይገባውም። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት እንደሚሄድ በነገራቸው ጊዜ እቴጌይቱ በሰው ልጅ ጠባይ ተደነቁ። ይህ ሰው ኢየሩሳሌምን አይቶ፣ ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣው ረግረግና ወንዝ ለማየት ነው፤ ያውም በአገሩ ወንዝ ሞልቶለት። እርሳቸው ግን የነገሥታት እናት ሆነው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን ተቀምጠው፣ ሌሊትና ቀን የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም መድረስ፣ ለዕለት ጉርስ እየለመኑ መኖር፣ በመጨረሻም የጌታ መቃብር ደጃፍ በሚታይበት መንገድ ዳር መቀበር።

ይህን ምኞት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከወርቅና ከሐር ምንጣፍ፣ ከግንብና ከአዳራሽ መካከል የተቀመጡ ሴት የሚመኙት የለማኝ እንጀራ ነው። ቁስቋምን ሲያሠሩ የበረሃውን ስም በተራራው ላይ አኖሩ፤ እርሳቸው ግን በዚያ ስም ሥር ሠላሳ ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላም ወደ በረሃው ገና አልደረሱም ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ለደሀ መነኩሴ የሚቻል ነው፤ በየዓመቱ የሚሄዱ ነበሩ። ለእቴጌ ምንትዋብ ግን አልተቻለም። ሴት ልጆች፣ አማቾች፣ የልጅ ልጆች፣ ርስትና ጉልት፣ በየአገሩ የታሰረው የዝምድና ገመድ ሁሉ ይዟቸው ነበር።

ጅቦች ከተራራው ሲወርዱ

ብሩስ በጥቅምት ወር 1763 ዓ.ም. መጨረሻ ግሽ ደርሶ የሚናፍቀውን ምንጭ አየ። በዚያ ጊዜ ግን በጎንደር ነገሩ ተለውጦ ነበር። የራስ ሚካኤል ተቃዋሚዎች በክረምቱ ሱስንዮስ የሚባል ሌላ ንጉሥ አንግሠው ነበር፤ ራስ ሚካኤልና ወጣቱ ንጉሥ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ከትግራይ ተመልሰው ሲመጡ ግን ያ ሁሉ ፈረሰ። እቴጌይቱም የራስ ሚካኤልን መምጣት ሰምተው ከቁስቋም ወጥተው ወደ ጎጃም ሸሹ። የበረሃውን ስደት ለማሰብ ካሠሩት ቤት በእርጅናቸው ራሳቸው ተሰደዱ።

በዚያ ታኅሣሥ በጎንደር አደባባይ ብዙ ሰው በሞት ተቀጣ፤ ሬሳውም ሳይቀበር ቀረ። ከተራራው የሚወርዱ ጅቦች ሌሊት መንገዱን ሞሉት። ብሩስ ስለዚያ ጊዜ ሲጽፍ ከእነርሱ ብዛት የተነሣ በሌሊት መውጣት አስፈሪ እንደ ነበር፣ የገዛ ውሾቹም የሰው አካል ቁራጭ እየጎተቱ ወደ ግቢው ያስገቡ እንደ ነበር ይናገራል። አውሬ በገዳም ሲገኝ ለመነኩሴው ወዳጅ ሆኖ ይተረካል፤ ሹማምንት ደም ሲያፈሱ ግን ያው አውሬ ከተማ ገብቶ ፍርዱን ይፈጽማል። በቁስቋም ግድግዳ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል አንበሳ በዚያ ወር ወደ ከተማው ቢመለከት ኖሮ ምን ባየ!

የራስ ሚካኤል ኃይል በግንቦት 1763 ዓ.ም. በሰርባኩሳ ውጊያዎች ተሰበረ፤ እርሳቸውም ተማርከው ወደ በጌምድር ተወሰዱ። እቴጌይቱ ወደ ደብራቸው ተመለሱ። ብሩስም የጎንደር ኑሮው መጨረሻ ከቁስቋም ጋር የተያያዘ ነው። በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. በስናር በኩል ወደ አገሩ ጉዞ ሲጀምር ከሚሰናበታቸው ሰዎች ዋናዋ እኒህ አሮጊት ወዳጁ ነበሩ። ዳግመኛ አልተያዩም። እቴጌ ምንትዋብ በሰኔ 1765 ዓ.ም. ዐርፈው በቁስቋም ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀበሩ። ብሩስ የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1782 ዓ.ም. ነው። በለንደን ብዙ ሰው ፈጠራ ነው ብሎ ሳቀበት። እርሱም በአገሩ በጡረታ ተቀምጦ ሳለ ከአራት ዓመት በኋላ በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። የናይልን ጉድባና የስናርን በረሃ ያለፈ እግር በቤቱ ደረጃ ተሰናከለ።

እውነተኛው በረሃ

የዚህ ታሪክ አንድ ቅጥያ አለው። ራስ ሚካኤል በልጅነታቸው ያነገሧቸው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት፣ ብሩስ ጠባያቸውን እያመሰገነ የሚጽፍላቸው ወጣት ንጉሥ፣ በ1769 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለቀው ዋልድባ ገቡ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። እህል ወደማይቀመስበት፣ ግንብ ወደሌለበት፣ አባ ሳሙኤል ወደ ኖሩበት ቆላ ወረዱ፤ በዚያም ብዙ ሳይቆዩ በዚያው ዓመት ዐረፉ። አሮጊቷ እቴጌ በድንጋይ አስቀርጸው ያዩትን፣ ወጣቱ ንጉሥ በእግራቸው ሄደው ኖሩበት። የተክለ ሃይማኖት ጡረታ ግን ለአገሩ ሰላም አላመጣም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ታሪክ ዘመነ መሳፍንት ያለው ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛቸው መልካም አደረጉ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ወጣቱ ንጉሥ ራሳቸውን አዳኑ፤ ይህን መንቀፍ አይቻልም። እቴጌይቱ ደግሞ በግማሽ መንገድ ቆሙ፤ ከግቢው ወጡ፣ ከነገሩ ግን አልወጡም። ስለዚህም ጸጥታቸው ሁለት ጊዜ ፈረሰ። ይሁን እንጂ በዚያ በግማሽ መንገድ ላይ ስለ ቆሙ ነው ሕፃናቱን ያስታመሙት፣ ለእንግዳው ጥላ የሆኑት፣ ደብሩን ከነሊቃውንቱ ያጸኑት። ሙሉ በሙሉ ሄደው ቢሆን ኖሮ የቁስቋም በር በፈንጣጣው ወር ማን ይከፍተው ነበር?

ጉድለታቸው በሌላ በኩል ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያስተዳድሩ ሥልጣኑ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ በምን እንደሚቆም ያሰቡት በወንድሞች፣ በአማቾችና በዝምድና ነበር። ወንድም ሲሞት ሚዛኑ ወደቀ፤ አማች ሲከዳ ቤቱ ተቃጠለ። ለራሳቸው ዕረፍት ግንብ አሠሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጣው ሥራ ግን ከዘመድ ሌላ ምሰሶ አላቆሙም። በዘመኑ ሌላ አማራጭ ነበር ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የጎንደር ነገሥታት ሁሉ በዚያው መንገድ ሄደዋልና። ለዛሬው ወጣት ሹም ግን ክርክሩ የተዘጋ ነው። ከእርሱ በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው ሥራ አስተምሮ፣ መዝገቡን አስተካክሎ፣ ነገሩ በሰው ዝምድና ሳይሆን በደንብ እንዲሄድ አድርጎ የሚወጣ ሰው ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ማንም አያንኳኳበትም። ይህን ሳያደርግ የወጣ ሹም ግን ቤቱን በተራራ ላይ ቢሠራው ነገሩ ዳገቱን ወጥቶ ያገኘዋል።

ቁስቋም ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙ አይቷል። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብሩም ከእሳቱ አላመለጠም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ዘመን ተመልሶ ተሠራ። ቤተ መንግሥቱ ጣራውን አጥቶ ግድግዳው ቀረ። በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ዛሬ ወደዚያ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው የጥድና የወይራ ጥላ፣ በፈረሰው ግንብ ላይ የሚያርፉ ወፎች፣ ከቤተ ክርስቲያኑም የሚሰማ የተማሪ ድምፅ ነው። በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ መስተዋት የተገጠመለት ሣጥን አለ፤ በውስጡ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ አፅም በአንድ ላይ ተቀምጧል። ኢየሩሳሌም አልደረሱም። ነገር ግን በሕይወት ያልተቻላቸው ዕረፍት፣ ደጃቸው ላይ ማንም ጦር ይዞ የማይመጣበት ዕረፍት፣ በዚያች ሣጥን ውስጥ አግኝተውታል።

የጎንደር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችና በከተማው መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ወጣቶች ይህ ስፍራ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀሃን ወንዝ ተሻግራችሁ ዳገቱን በእግራችሁ ውጡ። በኅዳር መጀመሪያ ብትሄዱ አደዩ ገና አልረገፈም። በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይም መነኩሴውን የተሸከመውን አንበሳ ፈልጉ፤ ጥቂት ቢደበዝዝም አሁንም እዚያው ነው።